ተቀቅሎ የማይሞት ኢንዛይም፦ የግላስዌር ማጽዳት ማስታወሻ

ኅዳር 2፣ ሰኞ

ሦስተኛው ጄል፣ ሞለኪውሎችን በርዝመታቸው በመስመር እየለየ የሚያሳየው ዝልግልግ ሰሌዳ፣ ዛሬ ወጣ። ከቀደሙት ሁለቱ በምንም አይሻልም። በዩቪ መብራቱ ላይ ስናስቀምጠው ጥርት ብለው መታየት የነበረባቸው ሁለት መስመሮች የሉም። ከጉድጓዶቹ ጀምሮ እስከ ታች የተጎተተ ጭጋግ አለ፤ ከግርጌ ደግሞ የቁርጥራጭ ክምር። ያወጣነው አር ኤን ኤ፣ ማለትም የነቁት ጂኖች መልእክት የተጻፈበት ሞለኪውል፣ በቆራጭ ኢንዛይም ተበልቷል።

ሥራው የተማሪዋ ነው። ቁንጮ የተባለውን የጤፍ ዝርያ በማሰሮ ዘርታ፣ ለግማሾቹ ውሃ እየሰጠች ከግማሾቹ እየነፈገች፣ ድርቅ ሲመጣ ቅጠሉ የትኞቹን ጂኖች እንደሚያነቃ ልትለካ ነው። ከዘር እስከ ቅጠል መቁረጥ ስድስት ሳምንት ፈጅቶባታል። ዛሬ ጄሉን አይታ ምንም አልተናገረችም፤ ጓንቷን አውልቃ ወጣች። እኔም እዚያው ቆሜ ይህ ሥራ ምንጩ ሳይገኝ ወደ አራተኛ ሙከራ እንዳይሄድ ወሰንሁ። የቀረው ቅጠል ከዜሮ በታች ሰማንያ ዲግሪ በሆነው ፍሪዘር ውስጥ ይቆይ። መጀመሪያ ዕቃው ይጽዳ።

ለራሴም ለሌላውም መጻፍ ያለብኝ አንድ ስሕተት አለ። በመጀመሪያው ሙከራ ናኖድሮፑ፣ ናሙናው ብርሃን የሚመጥበትን መጠን የሚለካው መሣሪያ፣ የ260/280 ንጽጽሩን 2.05 ብሎ ሰጠን፤ እኛም ደስ ብሎን ጄል ሳናሄድ ወደሚቀጥለው አለፍን። ያ ቁጥር የሚናገረው ናሙናው ከፕሮቲን መንጻቱን ነው። አር ኤን ኤው ሙሉ ይሁን የተከታተፈ አያውቅም፤ ቁርጥራጩም ብርሃኑን እንደ ሙሉው ይመጥጣል። ርዝመቱን የሚያሳየው ጄሉ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጥርጣሬዬን በየደረጃው አሰብሁበት። ቅጠሉ የራሱ ቆራጭ ኢንዛይሞች አሉት። ግን በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዘን በሙቀጫና በዘነዘና ፈጭተን ወዲያው ፌኖልና ጓኒዲን ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ነው የምንጨምረው። በጓኒዲን ውስጥ ኢንዛይሞቹ ቅርጻቸው ተፈትቶ ሥራ ያቆማሉ። አደጋው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ናሙናው በ75 በመቶ ኢታኖል ሲታጠብና በመጨረሻ በውሃ ሲሟሟ። ኢታኖሉን በውሃ ያቀጠንነው በኛ ሲሊንደር ለክተን ነው። ያስቀመጥነውም በኛ ጠርሙስ ነው።

ከሁለት ወር በፊት የፕላዝሚድ ሥራው፣ ከባክቴሪያ ክብ ዲ ኤን ኤ የማውጣቱ ሥራ፣ ወደኛ ክፍል ተዛውሯል። መታጠቢያው አንድ፣ መደርደሪያው አንድ ሆነ። በፕላዝሚድ ሥራ ላይ ደግሞ ባክቴሪያው በሚበጠበጥበት በፈር በተባለው የመጀመሪያ ፈሳሽ ውስጥ አር ኤን ኤዝ ኤ የተባለ አር ኤን ኤ ቆራጭ ኢንዛይም ሆን ተብሎ ይጨመራል። የባክቴሪያውን አር ኤን ኤ በልቶ ዲ ኤን ኤውን ብቻ እንዲተው ነው።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ጠዋት ከፕላዝሚድ ጠረጴዛው በላይ የተለጠፈውን የአዘገጃጀት ወረቀት ቆሜ አነበብሁት። ዱቄቱን በሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም አድርገህ አሟሟ፣ በ100 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ቀቅል፣ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ተወው፣ ይላል። የሚቀቀለው አብሮት ሊኖር የሚችለው ዲ ኤን ኤ ቆራጭ ኢንዛይም እንዲሞትና አር ኤን ኤዙ ብቻውን እንዲተርፍ ነው። በዚህ ወረቀት ሥር በየቀኑ እናልፋለን፤ እያለፍንም ዕቃችንን በፈላ ውሃ አጥበን ንጹሕ ነው ብለን ስንደረድር ኖረናል።

ይህ ኢንዛይም ትንሽ ነው፤ 124 አሚኖ አሲዶች ብቻ። አራት የሰልፈር ድልድዮች ከውስጥ ጠፍረው ይዘውታል። ሙቀት ቢፈታታው እንኳ ሲቀዘቅዝ ራሱን መልሶ ያጥፋል። ክርስቲያን አንፊንሰን በአሜሪካ ቤተስዳ ይህን በጥንቃቄ አሳይቷል። ኢንዛይሙን በዩሪያና በመርካፕቶኢታኖል ሙሉ በሙሉ ፈታው፤ ድልድዮቹንም በጠሳቸው። ከዚያ እነዚያን ኬሚካሎች ሲያስወግድ ኢንዛይሙ ወደ ቀድሞ ቅርጹና ሥራው ተመለሰ። ድልድዮቹን የሚሠሩት ሲስቴይን የተባሉት ስምንት አሚኖ አሲዶች ጥንድ ጥንድ ሊሆኑ የሚችሉባቸው መንገዶች 105 ናቸው፤ ከእነዚያ ትክክለኛውን አንዱን መረጠ። አንፊንሰን በ1972 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤልን ከስታንፎርድ ሙርና ከዊልያም ስታይን ጋር ተካፈለ፤ እነሱም የደከሙበት ይኸው አር ኤን ኤዝ ነበር። የፕሮቲን ሳይንስ በዚህ ኢንዛይም ጽናት ላይ ብዙ ተምሯል። እኛን ያስቸገረንም ያው ጽናቱ ነው።

ሌላም አለ። ዲ ኤን ኤ ስንይዝ ኢ ዲ ቲ ኤ ጨምረን እንተኛለን፤ ማግኒዥየሙን ስለሚይዝባቸው ዲ ኤን ኤ ቆራጮቹ ሥራ ያቆማሉ። አር ኤን ኤዝ ኤ ግን እንደ ማግኒዥየም ያለ ብረት አይፈልግም። ሁለት ሂስቲዲኖችና አንድ ላይሲን የተባሉት የራሱ አሚኖ አሲዶች ይበቁታል። ስለዚህ ኢ ዲ ቲ ኤ አያስቆመውም።

ወረቀቱ 100 ዲግሪ ይላል እንጂ እዚህ አዲስ አበባ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከባሕር ወለል 2,350 ሜትር ያህል ላይ ነን። ባሕር ዳርቻ ላይ ያልሞተ እዚህ በባልዲ ሙቅ ውሃ ሊሞት አይችልም።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

የትኛው ዕቃ እንደሚበላ ማወቂያ ፈተና ያስፈልገናል። ሁሉንም በጅምላ አጥቦ ተስፋ ማድረግ አልፈለግሁም፤ ምክንያቱን ካላወቅን በሚቀጥለው ወር ተመልሰን እዚሁ ነን። ያሰብነው ይህ ነው፦ ካልተከፈተ የፋብሪካ ጠርሙስ ንጹሕ ውሃ 500 ማይክሮ ሊትር እየወሰድን በእያንዳንዱ ዕቃ ውስጥ ግድግዳውን እንዲያዳርስ ማንከባለል፤ ከዚያ ያጠበውን ውሃ 9 ማይክሮ ሊትር ወስደን 1 ማይክሮ ሊትር ሙሉ መሆኑን የምናውቀውን አር ኤን ኤ መጨመር፤ በ37 ዲግሪ አንድ ሰዓት ማቆየት፤ ጄል ላይ ማየት። በፍሪዘሩ ግርጌ ያልተከፈተች አንዲት የመቆጣጠሪያ አር ኤን ኤ ቱቦ አግኝተናል። ትንሽ ናት፤ በቁጠባ ነው የምንጠቀምባት።

የጄሉ ማበጠሪያ 15 ጉድጓድ አለው። 12 ዕቃ፣ አንድ የርዝመት መለኪያ፣ አንድ በዚያው ውሃ 37 ዲግሪ የቆየ፣ አንድ ደግሞ በረዶ ላይ ብቻ የተቀመጠ። ይህ የመጨረሻው ከማንም ዕቃ ጋር አልተነካካምና ሙሉ መሆን አለበት።

ማታ 12 ሰዓት ላይ አየነው። የበረዶው ናሙና ራሱ ተጎትቷል።

ተማሪዋ «እንግዲህ ቱቦው ራሱ ተበላሽቶ ይሆናል» አለች። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ዓይኔ ያረፈው ጄል ማሄጃ ገንዳው ላይ ነው። በዚያ ገንዳ ፕላዝሚድ ይሄድበታል፤ ከእያንዳንዱ ናሙና ጋርም አር ኤን ኤዝ ይገባል።

ኅዳር 5፣ ኀሙስ

ገንዳው ፕላስቲክ ነው፤ አይጋገርም፣ በግፊት እንፋሎት የሚያመክነው ኦቶክሌቭም አይገባም። በሳሙና አጠብነው፣ በኢታኖል አደረቅነው፣ ከዚያ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሞልተን አሥር ደቂቃ አቆየነው። ትሪውንና ማበጠሪያውንም አብረን ነከርን። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይዱን የገዛነው ከግቢው ፊት ለፊት ካለው ፋርማሲ ነው፤ ለቁስል የሚሸጠው ራሱ 3 በመቶ ነው። በንጹሕ ውሃ ደጋግመን አለቀለቅነው።

በጄሉ ውስጥም በረኪና ጨመርንበት፤ ለ100 ሚሊ ሊትር ጄል 1 ሚሊ ሊትር። የጄሉ ዱቄት፣ አጋሮዙ፣ ሳይሞቅ በፊት ይጨመራል፤ እየተነቀነቀ አምስት ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያ ይቀልጣል። በጄሉ ውስጥ የገባውን አር ኤን ኤዝ ይገድላል፤ አር ኤን ኤውም እንዳይታጠፍ ያግዛል። ፎርማልዴሃይድ ያለበትን ጄል ከመተንፈስ ይህ እጅግ ይሻላል። ብቻ በረኪናው ከአሲድ ጋር እንዳይገናኝ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው። ለዚያ ቀን የአሲድ ጠርሙሶቹን ከጠረጴዛው አነሣኋቸው።

ኅዳር 6፣ ዓርብ

ዛሬ ጄሉ ተናገረ። የበረዶው ናሙና ሙሉ ነው፣ 37 ዲግሪ የቆየውም ሙሉ። ቱቦው ጤነኛ ነበር። ከ12 ዕቃዎች ስምንቱ በልተዋል። ንጹሕ የሆኑት አራቱ ባለፈው ወር ከካርቶን የወጡ አዲስ ፍላስኮች ናቸው።

ከስምንቱ መካከል አንዱ የ500 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ የአር ኤን ኤ ዘር አላስቀረም፤ በጉድጓዱ ውስጥ ባዶ ጨለማ ነው። ጠርሙሱን በብርሃን ፊት አዟዟርሁት። ጥርት ያለ፣ የሚያበራ ጠርሙስ ነው። ከግርጌው በኩል ግን ያልተነሣ የወረቀት ቅዳጅ አለ፤ የፕላዝሚድ መጀመሪያ በፈር የሚል ጽሑፍ ቅሪት።

ሒሳቡን ለተማሪዋ በሰሌዳ ላይ ሠራሁት። በዚያ በፈር ውስጥ አር ኤን ኤዙ በሚሊ ሊትር 100 ማይክሮ ግራም ነው። በ500 ሚሊ ሊትር ውስጥ 50 ሚሊ ግራም ይሆናል። ታጥቦ ከሚሊዮን አንዱ እጅ ብቻ ቢቀር 50 ናኖ ግራም ነው። ይህ ኢንዛይም አንድ ጊዜ ቆርጦ አያልቅም፤ ቆርጦ ይለቃል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። 50 ናኖ ግራም ለኛ ናሙና ከበቂ በላይ ነው።

ሰው ሁሉ እጅን ነው የሚከስሰው። ልክ ነው፤ ቆዳችን ላይ የራሳችን አር ኤን ኤዝ አለ፤ ጓንት ማድረግም፣ በሩን ወይም ስልክን ከነኩ በኋላ ጓንቱን መቀየርም ግዴታ ነው። ግን ተማሪዋ በሦስቱም ሙከራ ጓንቷን በጥንቃቄ ስትቀይር አይቻለሁ። ጥፋቱ የእጇ መሆኑን እያሰበች ሁለት ወር ከረመች። ዛሬ ይህን ጄል ሳሳያት ፊቷ ላይ ያየሁት ነገር ለኔ ከውጤቱ ይበልጥ ነበር።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ቀኑን ሙሉ ማጠብ ሆነ። ጠርሙስ 11፣ ፍላስክ 6፣ ቢከር 5፣ ሲሊንደር 3። አዳዲሶቹም አልቀሩም።

መጀመሪያ ሙጫና ማርከር በአሴቶን ይነሣል፤ በእሳት ላይ ከደረቀ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ቀጥሎ ሳሙናና ብሩሽ። ይህን ደረጃ የሚዘሉ ሰዎች አሉ፤ እሳቱ ሁሉን ያጠፋል ብለው። ቆሻሻ ቅባት ሲጋገር ግን ከብርጭቆው ጋር ይጣበቃል፤ ከሥሩ ያለውንም ይሸፍናል። ከዚያ የቧንቧ ውሃ አረፋው እስኪጠፋ፣ በመጨረሻ የተጣራ ውሃ ሦስት ጊዜ። አፋቸውን በአልሙኒየም ፎይል ሸፈንን።

በደረቅ ሙቀት ሁለት የተለመዱ መንገዶች አሉ፤ በ240 ዲግሪ አራት ሰዓት ወይም በ180 ዲግሪ ስምንት ሰዓት። ኦቶክሌቭ እንፋሎት ነው፤ ኢንዛይሙን ፈትቶ መልሶ ሊያጥፈው ይችላል። የደረቀው ረጅም ሙቀት ግን ፕሮቲኑን ያከስለዋል፤ ከሰል መልሶ አይታጠፍም።

የኛ ምድጃ 240 አይደፍርም፤ በ180 እንሠራለን። መሐሉ ላይ የብርጭቆ ቴርሞሜትር አኖርሁ። ቁልፉ 180 ሲል መሐሉ 162 ነበር። ቁልፉን እስከ 200 ከፍ አድርገን ነው ቴርሞሜትሩ 180 የደረሰው። ለስንት ዓመት በዚህ ምድጃ 180 ብለን ስንጽፍ እንደኖርን አላውቅም።

ሲሊንደሮቹን አልጋገርንም። የመለኪያ ብርጭቆ ከፍ ባለ ሙቀት ልኩን ሊለቅ ይችላል ተብሎ የተማርነውን ጠብቀናል። እነሱ ወደ ኬሚካሉ ይሄዳሉ። ሙቀጫዎቹንና ዘነዘናዎቹን፣ የብረት ማንኪያዎቹንም በፎይል ጠቅልለን አስገባን። ክዳኖቹ በባልዲ ውስጥ በሳሙና ታጥበው ወጡ።

ቀን 11 ሰዓት ከ40 ላይ መሐሉ 180 ደረሰ። የሌሊቱን ሰዓት ከዚያ ነው የምቆጥረው።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጣሁ። ምድጃው 180 ላይ ነው። ግን የሌሊት ጥበቃውን ጠየቅኋቸው። «መብራት ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት አልነበረም፤ ይኸው ጽፌዋለሁ» አሉኝ መዝገባቸውን ከፍተው። ጋሼ እግዜር ይስጥዎት። ባይጽፉት ኖሮ ስምንት ሰዓት ሙሉ ተጋግሯል ብዬ አወጣው ነበር።

ሰዓቱን ከዜሮ ጀመርሁ። ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 11። በሩን ሳልከፍት አጠፋሁት። ትኩስ ብርጭቆ ላይ ቀዝቃዛ አየር ሲገባ ይሰነጠቃል፤ ሙቀት የሚችለው ቦሮሲሊኬት ቢሆንም አላምነውም።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ፈተናውን ደገምን። የተጋገሩት ጠርሙሶች ሁሉ ንጹሕ። ያ ባለ ቅዳጅ ወረቀቱ እንኳ። ከፍላስኮቹ አንዱ ብቻ አሁንም ይበላል። በፎይሉ ላይ ምልክት አድርጌበታለሁ፤ እመለስበታለሁ።

ተማሪዋ 75 በመቶ ኢታኖልና የማሟሚያ ውሃ በተጋገሩት ጠርሙሶች አዘጋጀች፤ ውሃው ያው ከፋብሪካው ጠርሙስ የተቀዳ ነው። ዘግታ ነቀነቀቻቸው። ነገ ሁለቱንም በመቆጣጠሪያው አር ኤን ኤ እንፈትናለን።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ተበላ። ከተጋገረው ጠርሙስ የተቀዳው ውሃ አር ኤን ኤውን ጎተተው። ያው ውሃ በቀጥታ ከፋብሪካው ጠርሙስ ሲቀዳ ግን ምንም አላደረገም።

ረጅም ጊዜ ተቀምጠን አሰብን። ጠርሙሱ ትናንት ንጹሕ ነበር። ውሃው ንጹሕ ነው። ፒፔቱ ያው ነው፣ ቲፑም ያው። ተማሪዋ ጠርሙሱን በእጇ እንደያዘች «ክዳኑስ? ክዳኑን እኮ አልጋገርነውም» አለች።

ሰማያዊው ክዳን ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ከ140 ዲግሪ በላይ አይችልም። በአፉ ዙሪያ ያለው የማፍሰሻ ቀለበትም እንዲሁ። ስለዚህ በሳሙና ብቻ ታጥበው ነበር የወጡት። በክዳኑ ውስጥ ጠምዝማዛ ጥርሶች አሉ፤ ቀለበቱ ሥር ብሩሽ የማይገባበት ቀጭን ክፍተት አለ። ፈሳሹ ሲነቀነቅ እዚያ ድረስ ይደርሳል። የኔ ፈተና ደግሞ ክዳን ሳይኖር ግድግዳውን ብቻ ነበር ያየው። ፈተናው መልስ የሰጠው ለጠየቅሁት ነገር ብቻ ነው፤ ክዳኑን አልጠየቅሁትም።

አንድ ክዳን ገልብጠን 200 ማይክሮ ሊትር ውሃ በጥርሶቹ ላይ አዞርን። ማታ ጄሉ ላይ ከሁሉ የባሰው እሱ ሆነ።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ለፕላስቲኩ ሌላ መንገድ ያዝን። ቀለበቶቹን ከጠርሙሱ አፍ አወጣናቸው፤ ክዳኖቹን፣ ቀለበቶቹንና ማግኔት መቀላቀያዎቹን በ0.1 ሞላር ሶድየም ሃይድሮክሳይድና 1 ሚሊ ሞላር ኢ ዲ ቲ ኤ ውስጥ ነከርናቸው። ቤዙ ፕሮቲኑን ፈትቶ ያነሣል። ከዚያ በደንብ መለቅለቅ አለበት፤ ሶድየም ሃይድሮክሳይድ ራሱ አር ኤን ኤን ይቆርጣልና። ካልተጠነቀቁ ጄሉ ላይ ጭጋግ ይታያል፣ ሰውም ኢንዛይሙ አልሞተም ብሎ ይደክማል።

ለሲሊንደሮቹና ለመለቅለቂያው ዲ ኢ ፒ ሲ ውሃ አዘጋጀሁ። ሙሉ ስሙ ዳይኢታይል ፓይሮካርቦኔት ነው። ለአንድ ሊትር ውሃ 1 ሚሊ ሊትር። ሥራው ደስ ይላል፤ የሚያጠቃው በተለይ ሂስቲዲንን ነው፣ አር ኤን ኤዙ የሚቆርጥባቸውን እነዚያን ሁለቱን። ለኛም ሳንባ ግን ደግ አይደለም፤ ካንሰር ያመጣል ተብሎ ስለሚጠረጠር ከጭስ ማስወጫው ሥር ውጭ አይከፈትም። ጠርሙሱ ከፍሪጅ እንደወጣ አይከፈትም፤ ክፍሉን እስኪመስል ይቆይ። እርጥበት ከገባበት ይፈርስና ውስጡ ጋዝ ይይዛል። በኃይል ነቅንቄ በ37 ዲግሪ አሳድሬዋለሁ። ሲሊንደሮቹም ተሞልተው አድረዋል።

ትሪስ የተባለው ኬሚካል ያለበትን በፈር በዲ ኢ ፒ ሲ ማከም አይቻልም፤ ትሪሱ ራሱ ከኬሚካሉ ጋር ይዋጋልና ለኢንዛይሙ የሚተርፍ የለም። መጀመሪያ ውሃው ይታከማል፣ ኦቶክሌቭ ይሆናል፣ ከዚያ ትሪሱ ካልተነካ ዕቃ በተጋገረ ማንኪያ ይጨመራል። ፒኤች ሲለካም ኤሌክትሮዱን በጠርሙሱ ውስጥ አንነክርም። ትንሽ ወደ ቢከር ቀድተን እንለካለን፣ የተለካውን እንደፋለን። ያ ኤሌክትሮድ የሁሉንም በፈር ቀምሷል።

ኅዳር 12፣ ኀሙስ

ጠዋት ስመጣ ከተማው ሁሉ ጭስ ነው። ኅዳር ሲታጠን። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ከጨረሰ ወዲህ በየዓመቱ በዚህ ቀን ሰው ግቢውን ጠርጎ ቆሻሻውን ያቃጥላል። ጭሱን እየሸተትሁ በምድጃው ፊት መቆሜ ልብ የሚነካ ነገር ነበረው። ያኔ የነበሩት ሰዎች በሽታውን ያመጣውን አላዩትም፤ ማጽዳት እንዳለባቸው ግን ገብቷቸው ነበር። ከጭሱ የተነሣ መስኮቶቹን ዘግተን ነው የዋልነው።

ዲ ኢ ፒ ሲ ውሃውን ኦቶክሌቭ አደረግን፤ ኬሚካሉ ወደ ኢታኖልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲፈርስ። ክዳኑ ላላ ተደርጎ ነው። ካልፈረሰ የምንለካውን አር ኤን ኤ ራሱን ያበላሻል። እዚህ ላይ ለደጋ ሰው የሚሆን ነገር አለ። የድሮው ኦቶክሌቭ ግፊቱን እንጂ ሙቀቱን አያሳይም። ባሕር ወለል ላይ 15 ፒ ኤስ አይ (የግፊት መለኪያ) ሲያሳይ ውስጡ 121 ዲግሪ ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ በዚያው 15 ላይ ውስጡ 117 አካባቢ ይቀራል። 19 አካባቢ ሲያሳይ ነው 121 የሚደርሰው። እኛ በሙቀት የሚመራውን አዲሱን ተጠቅመን በ121 ለ15 ደቂቃ አቆየነው። ሲወጣ ቀለል ያለ የፍራፍሬ ሽታ ነበረው፤ ከቀረው ኢታኖል ከሚፈጠሩ ኤስተር የተባሉ ውህዶች የሚመጣ ነው፣ አያሰጋም።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

ሙሉ ፈተና። በዚህ ጊዜ ጠርሙሶቹ ከነክዳናቸው፣ ተገልብጠው እየተነቀነቁ። ሲሊንደሮቹ፣ ማግኔቶቹ፣ የተጋገሩት ማንኪያዎች፣ ሙቀጫዎቹም። ሁለት ጄል ፈጀ። ሁሉም ንጹሕ።

ያ አንድ ፍላስክ ይቀራል። ተሰንጥቆ ይሆን ብዬ አየሁት፤ አይደለም። መጨረሻ ላይ ያስታወስሁት በምድጃው ውስጥ ከበሩ ጥግ ላይ እንደነበረ ነው። ባዶውን ምድጃ አሞቅሁና ቴርሞሜትሩን ከመሐሉ ወደ በሩ ጥግ አዛወርሁት። መሐሉ 180 ሲሆን በሩ ጋ 151 ነው። የበሩ ጎማ አንድ ቦታ ላይ አርጅቶ ተከፍቷል፣ በእጅ ሲነካ ትኩስ አየር ይወጣል። ፍላስኩን መሐል ላይ አድርጌ ዳግም አስገባሁት።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ፍላስኩ ንጹሕ። የበሩ ጎማ እንዲቀየር ጠይቄያለሁ፤ እስኪመጣ ከበሩ አንድ ስንዝር ድረስ ምንም አይቀመጥም።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ተማሪዋ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቅጠሉን አወጣች። ሁለት ናሙና ብቻ፤ አንድ ውሃ የጠገበ፣ አንድ የተጠማ። ሁሉንም ቅጠል ለዛሬ አንሰጥም።

ሙቀጫው በናይትሮጅኑ ሲጨስ፣ ቅጠሉ እንደ በርበሬ ሲደቅ ቆሜ አየሁ። እጄን አላስገባሁም። ኢታኖሉ ከአዲሱ ጠርሙስ፣ ውሃው ከአዲሱ ጠርሙስ። ናኖድሮፑ 2.03 አለ። ማንም ምንም አላለም፤ ወደ ጄሉ ሄድን።

ሁለት ወፍራም ጥርት ያሉ መስመሮች። ሁለቱም የራይቦዞም፣ ፕሮቲን የሚሠራው የሕዋስ ክፍል፣ አር ኤን ኤ ናቸው። ላይኛው 25ኤስ የሚባለው፣ ከሥሩ 18ኤስ፤ ላይኛው ከታችኛው ይደምቃል፣ መሆን እንዳለበት። በሁለቱም ናሙና። ተማሪዋ ግን ፊቷን ቅጭም አድርጋ ከእነሱ በታች ያሉትን ቀጫጭን መስመሮች እየቆጠረች ነበር፤ እንደገና መቆራረጥ የጀመረ መስሏት። እነሱ የክሎሮፕላስቱ ናቸው አልኋት። ቅጠል የራሱን ራይቦዞም ብቻ አይደለም የያዘው፤ ክሎሮፕላስቱም የየራሱ አለው፣ ከባክቴሪያ የወረሰው። በጉበት ወይም በእርሾ ላይ አይታዩም። በአረንጓዴ ቅጠል ላይ ካልታዩ ነው የሚገርመው።

ያኔ ነው የሳቀችው።

ኅዳር 20፣ ዓርብ

የዕቃ መደርደሪያው ተለያየ። ከመስኮቱ ሥር ያለው ባለ ቁልፍ ቁም ሣጥን ለአር ኤን ኤ ብቻ ሆነ። ጠርሙሶቹና ክዳኖቹ ላይ ሙቀት የሚችል ቀይ ምልክት አለ፤ ክዳኑም ከራሱ ጠርሙስ አይለይም። የፕላዝሚድ ሥራው የራሱ መታጠቢያ ባልዲ፣ የራሱ ብሩሽ፣ የራሱ ጄል ገንዳ ይዟል፤ የዚያ ጠረጴዛ ሰዎች ጄሎቹን ካዩ በኋላ ራሳቸው ናቸው ያዛወሩት። የአር ኤን ኤዙ ዱቄት የሚመዘንበት ሚዛንም ወደ ወዲያኛው ክፍል ሄደ። ዱቄቱ ብን ይላል፤ ከፈሳሹ ይልቅ እሱን ነው የምፈራው።

በበሩ ላይ የለጠፍሁት ወረቀት ላይ ከጻፍኋቸው ነገሮች የመጀመሪያው ክዳኑ ነው።

የቁም ሣጥኑ አንድ ቁልፍ እኔ ጋ ነው፤ ሌላው ከተማሪዋ ጋር። የቀሩትን 22 ናሙናዎች ሰኞ ትጀምራለች። ለሱ የሚሆኑ ሙቀጫዎች ዛሬ ማታ ምድጃ ገብተዋል፤ ቴርሞሜትሩ መሐል ላይ፣ የሰዓት መቁጠሪያው ወረቀት በጥበቃው መዝገብ ውስጥ።